የቦጋለ እጅ

ወጋየሁ የተቆጣች ለት እንዝርቷ ይፈጥናል። ይህን በጎፋ የሚያውቁት አብረዋት የሚፈትሉት ሴቶች ብቻ ናቸው። ፊቷ አይጠቁርም፤ ድምጿም ከፍ አይልም። ጭኗ ላይ አንከባልላ የለቀቀችው እንዝርት ግን ዓይን እስኪስተው ይሾራል፤ ክሩም ንዴቷን የጠጣ ይመስል ቀጥኖና ጠንክሮ እንደ ጅማት ይወጣል። በዚያ የካቲት፣ ማርች ስምንትን ለማክበር ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን፣ ጎረቤቷ ሙፊዳ አንዱን ክር በሁለት እጇ ይዛ ልትበጥሰው ታገለችና አቃታት።

«ያ አላህ! በዚህ እኮ ሰው ይሰቀልበታል» አለች።

«ማንን ልስቀልበት?» አለች ወጋየሁ ቀና ሳትል።

«እሱንማ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ሁለቱም ያውቁት ነበር። ከበስተጀርባቸው፣ በአዳራሹ ውስጥ፣ ሊቀመንበሩ ላቀው ጮክ ብሎ እየሳቀ ነው።

አዳራሹ ድሮ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ተወረሰ፤ የሸማኔዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመበት፤ በየሸማኔው ቤት የነበረው ዕቃ ተነቅሎ እዚያ ገባ፤ ወለሉም በረድፍ ተቆፈረ። ሸማኔ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ ታች ያለውን መርገጫ እየረገጠ ነው የሚሠራው። ድሩ ከፊቱ ተወጥሮ እስከ ማዶው ግድግዳ ይዘረጋል። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ያ ሁሉ ነጭ ክር እንደ ዝናብ ያበራል፤ ዝናብ ግን ወደ ምድር ይወርዳል፣ ይህ በአየር ላይ ተንጋሎ ይተኛል። ውበቱ ለሚያየው ሰው እንባ ያመጣል።

ወንዶቹ ከውስጥ፣ ሴቶቹ ከውጭ፣ ከቆርቆሮው ታዛ ስር ነበሩ። ጥጡን የሚዳምጡት፣ የሚያባዝቱት፣ የሚፈትሉት፣ ማጉን የሚያጠነጥኑት ሴቶቹ ናቸው። ከላፍቶ በኩል የገበሬውን ማሳ አቋርጦ የሚመጣው ነፋስ ጥጡን እንዳይበትንባቸው ጀርባቸውን ሰጥተውት ይውላሉ። ስማቸው «ረዳት» ነው። ረዳት አባል አይደለም። ረዳት በስብሰባ እጁን አያወጣም፣ ትርፍ ሲከፋፈልም አይጠራም፤ የሚከፈለው ለፈተለው ክር በሚዛን ነው፤ ሚዛኑን የሚያነበውም አባል ነው። በአዳራሹ በር ላይ በቀይ ቀለም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተጽፏል። ድሩን ማን እንደ ፈተለው አልተጻፈም።

የወጋየሁ ባል ቦጋለ ሰሜን ጦር ግንባር ከዘመተ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከጋሞ ደጋ ተጋብተው የመጡ ናቸው። ማኅበሩ ሳይቋቋም በፊት ጉድጓዳቸው ቤታቸው ውስጥ፣ ከአልጋቸው እግርጌ ነበር። ቦጋለን ወባ ይጥለው ነበርና፣ በተነሣበት ቁጥር የተቀበለው ሥራ ተወጥሮ ይቀራል፤ ባለሥራው መጥቶ በር ላይ ይቆማል። አንድ ቀን ወጋየሁ በሩን ዘጋች። ቀሚሷን ሰብስባ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደች።

በሸማኔ ዘንድ ሴት ጉድጓድ አትወርድም። ከወረደች ድሩ ይበጠሳል፣ ማኅፀኗ ይደርቃል ይባላል። ድሩ አልተበጠሰም። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ አለፈ፣ መርገጫውን ረገጠች፣ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ መለሰችው፤ እርስ በርሱ የማይተዋወቅ የነበረው ክር ድንገት ጨርቅ ሆነ። አፏን ከፍታ ቀረች። እንዲህ ያለ ተአምር ከአልጋዋ እግርጌ እየተሠራ፣ ለእሷ ስንት ዘመን ጀርባውን ብቻ ሲያሳያት ኖሯል! ከዚያን ቀን ወዲህ ከባዱን ሥራ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በሩን ዘግታ የምትሠራው እሷ ሆነች። ጨርቋ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዳሩ የተስተካከለ ነበርና በጎፋ «የቦጋለ እጅ ውሃ አያሳልፍም» ይባል ጀመር። ቦጋለ ሲመሰገን አንገቱን ይደፋል። ቤት ሲገባ ግን «ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ አደራ» ይላታል። ትወደው ነበር። አንዳንድ ጊዜ ግን በጥፊ ብትለው ደስታዋ ነበር።

ዕቃው ተነቅሎ አዳራሽ ሲገባ ቦጋለ በሰው ፊት በገዛ እጁ መሥራት ግድ ሆነበት። «ምን ነካህ? እጅህ ሳሳ» ሲሉት «ወባው ነው» ይላል። ብዙም ሳይቆይ ተመልምሎ ዘመተ፤ ጉድጓዱም ባዶውን ቀረ።

ወጋየሁ ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደች። ላቀው ራሱም ሸማኔ ነበር፤ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ግን የተወለወለ ጫማ አድርጎ በጉድጓዶቹ መካከል መንጎራደድ ሆኗል ሥራው።

«ጋሼ ላቀው፣ የቦጋለን ጉድጓድ ለእኔ ይስጡኝ። እስኪመለስ ልሥራበት።»

ላቀው ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ አወጣው። «እህቴ፣ ሴት ጉድጓድ የምትወርደው አንዴ ነው። እሱም ካህናቱ ባሉበት።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ወጥቶ ታዛው ስር ደረሰ፤ ከታዛው ስር የሳቀ ግን አልነበረም።

«የዘማች ቦታ ነው፤ ይጠበቅለታል» ብሎ ሸኛት ላቀው። ይህ ከተባለ በኋላ ጥምቀት አለፈ፤ የላቀው የእህቱ ልጅ፣ ሪዙ ያማረ ጎልማሳ ሸማኔ፣ ከገጠር መጣ። የዘማቹ ቦታ መጠበቁ ቀረ። በቦጋለ ጉድጓድ ላይ ለመንግሥት የስጦታ ዕቃ ሱቅ የታዘዘ ባለ ጥለት ነጠላ ድሩ ተወጠረ፤ የእህቱ ልጅ ከበዓሉ ማግስት ይጀምራል ተባለ። ወጋየሁ እንግዲህ ያንን እንዝርት የምታሾረው ይህን የሰማች ዕለት ነው። ያ ጉድጓድ ከሄደ ቦጋለ ቢመለስም መግቢያ የለውም፤ ባይመለስ ደግሞ እሷ ዕድሜ ልኳን ሰው ያነበበላትን ሚዛን እየተቀበለች ታዛ ስር ልትቀር ነው።

በበዓሉ ዋዜማ የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ጸሐይወርቅ መጣች። ካኪ የለበሰች፣ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ቆፍጣና ናት። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችና ፊቷን ወደ ላቀው መለሰች።

«ጓድ ላቀው፣ ነገ ከወዳጅ አገር የመጡ የሴቶች ልዑካን ይዤ እመጣለሁ። ሴት ሸማኔ ማየት ይፈልጋሉ።»

«ሴት ሸማኔ እንኳ የለንም።»

«ይኑራችኋ!»

ላቀው ራሱን አከከ። ጸሐይወርቅ ወደ ታዛው ወጥታ ፈታዮቹን አንድ በአንድ አየች። «የዘማች ሚስት ማን አለች?» ስትል ጣቶች ሁሉ ወደ ወጋየሁ ዞሩ።

በማግስቱ ላቀው ራሱ እጇን ይዞ ወደ ባዶው ጉድጓድ ወሰዳት። «ስሚኝ» አላት። «እግርሽን መርገጫው ላይ እንዳታሳርፊ። መወርወሪያውን ያዢ፣ ፈገግ በይ፣ በቃ። ፎቶ አንሺው ሲጨርስ ትወጫለሽ። ድሩን እንዳታበላሺብኝ፤ የልጁ ሥራ ነው።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

እግሯ ቀዝቃዛውን አፈር ሲነካ ሰውነቷ ደነገጠ። ይህን ጉድጓድ የቆፈረው ቦጋለ ነው፤ ልኩ ግን የእሷ እግር ልክ ነበር። ከፊቷ ያ ተንጋሎ የተኛ ነጭ ዝናብ ተዘርግቷል። ስንት ጊዜዋ!

እንግዶቹ አበባ ይዘው ገቡ። ከመካከላቸው አንዲት ሽማግሌ ፈረንጅ ቁጢጥ ብላ ዓይን ዓይኗን አየቻትና አንድ ነገር ጠየቀች። አስተርጓሚው «ሥራው አይከብድሽም ወይ? ትልሻለች» አላት።

«አይከብዳትም በላት!» አለ ላቀው ፈጠን ብሎ። «አብዮቱ አቅልሎላታል!»

ወጋየሁ መወርወሪያውን ወረወረች። መርገጫውን ረገጠች፣ ማጉን መታች፤ ወረወረች፣ ረገጠች፣ መታች። ድምፁ በአዳራሹ ውስጥ እንደ ልብ ትርታ ተሰማ። በየጉድጓዱ ያሉት ወንዶች እግራቸውን አቆሙ። ፎቶ አንሺው ብልጭታውን ለቀቀው፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ ጸሐይወርቅ ጡጫዋን አንሥታ «ያለ ሴቶች ተሳትፎ አብዮቱ ግቡን አይመታም!» አለች፤ ወንዶቹም ደገሙት። ከዚያ ሁሉም ወደ መኪናቸው ወጡ። ሲወጡ በታዛው ስር ነበር ያለፉት፤ ፈታዮቹን ግን ማንም አላሳያቸውም።

ላቀው እንግዶቹን ሸኝቶ ግንባሩን እየጠረገ ተመለሰ።

«ተባረኪ፣ አኮራሽን። በይ አሁን ውጪ።»

ወጋየሁ መወርወሪያውን ወረወረች።

«ውጪ እኮ ነው የምልሽ።»

«ጀምሬዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ምኑን?»

«ሥራውን።»

ከወንዶቹ አንዱ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ሳቀ። ላቀው ቀላ። «አንቺ ሴት፣ ሰው እየሳቀብኝ ነው!»

«ይሳቅ። በእኔም ተስቋል።»

ላቀው ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲሰድ፣ ከወዲያኛው ረድፍ ጋሽ አምሐ ከጉድጓዳቸው ወጡ። የአዳራሹ አንጋፋ ሸማኔ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጨርቅ የሚያዩት በአውራ ጣታቸው ነው። ጎንበስ ብለው ወጋየሁ የሠራቻትን ቁራጭ ዳሰሱ። መልሰው ዳሰሱ።

«ይሄ የቦጋለ እጅ ነው» አሉ በዝግታ። «የድሮው የቦጋለ እጅ፣ ሳይሳሳ በፊት። እሱ ነው ያስተማረሽ፣ ልጄ?»

ወጋየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አቆመች። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ያ እጅ የቦጋለ አልነበረም፣ ጋሽ አምሐ። ልጅዎ ለሠርጓ የለበሰችው ጥለት የእኔ ነው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ለክት የሚያስቀምጠው ጋቢ የእኔ ነው። በሬን ዘግቼ ሠራሁ፣ በር ከፍታችሁ አመሰገናችሁት።»

«ቅጥፈት!» አለ አንዱ።

«ሰው ይቀጥፋል» አሉ ጋሽ አምሐ ጣታቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ። «ጨርቅ አይቀጥፍም።» ፊታቸው ላይ ደስታም ርኅራኄም አልነበረም፤ የተታለለ ሰው ቁጣ ነበር። ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ።

«ይብቃ!» አለ ላቀው። «የእህቴ ልጅ ይቀጥለዋል። ተነሺ።»

«እሱማ አይሆንም» አሉ ጋሽ አምሐ ከተቀመጡበት። በዚህ አዳራሽ የማያውቀው ሸማኔ አልነበረም፤ አንድ ድር የአንድ እጅ ነው። አመታቱ ከሰው ሰው ይለያል፤ መሐል ላይ እጅ ከተለወጠ ጨርቁ ላይ መስመር ይወጣል፣ ያ መስመር በማጠብም በመተኮስም አይጠፋም። «ሁለት እጅ» ይባላል፤ ገዢ አይነካውም። «የመንግሥት ሱቅ በፊትህ ላይ ይጥልልሃል» አሉት።

ላቀው የጀመረችውን ተመለከተ፤ የእህቱን ልጅ ተመለከተ። «እንግዲያው ቁረጡት!»

«ላቀው!» አለች ሙፊዳ ከበሩ። ፈታዮቹ ሁሉ፣ ሙሉመቤትም መሐላቸው ሆና፣ ከኋላዋ ተጠቅጥቀው ነበር። «የመንግሥት ድር መቁረጥ የኢኮኖሚ አሻጥር አይባልም እንዴ? ወይስ አሻጥር የሚሆነው ሙሉመቤት ክር ሲወድቅባት ብቻ ነው? በስብሰባ መሐል አቁመህ እንዲያ ብለሃት የለም?»

አንድም ሸማኔ መቀስ ለማንሣት አልተነቃነቀም። ላቀው ጣቱን ቀሰረ። «ይህ ድር እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ እዚህ ባይሽ አውቅልሻለሁ!»

ያን ሰሞን ወጋየሁ ያላየችው አልነበረም። «ወይዘሮ ሸማኔ፣ ምሳውን ማን እየሠራልዎት ነው?» ይላታል አንዱ፤ ሌላው በአጠገቧ ሲያልፍ ያማትባል። አንድ ጠዋት ጉድጓዱን በአመድና በጥራጊ ተሞልቶ አገኘችው። ማን እንዳደረገው አልጠየቀችም። ተንበርክካ በእጇ እየዛቀች ታዛው ስር ደፋችው፤ አመዱ ከጸጉሯ ሳይራገፍ ወርዳ መሥራት ጀመረች። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዳቸውም ግን «ነውር ነው» አላሉም። እሷን ያንገበገባት አመዱ ሳይሆን ይህ ዝምታ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ድሩ እያለቀ መሄዱ ነው። ቀስ ብትል ይቆይላት ነበር፤ ንዴት ግን ቀስ ማለት አያውቅም። እጇ ይሮጣል፣ ጨርቁ ይጠቀለላል፣ ነጩ ዝናብ በየቀኑ ያጥራል። እንዴት ያለ ጨርቅ ነበር! ጥለቱ ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ክር እንደ ነሐሴ ሣርና እንደ መስከረም አበባ ተቃቅፎ ወጣ። ጨርቁ ማን እንደ ተናደደ አያውቅም፤ ያምራል።

«እያለቀብኝ ነው» አለቻት ለሙፊዳ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ።

«ቀስ በያ።»

«እጄ እምቢ አለኝ።»

ሙፊዳ መንገድ ላይ ቆመች። «ክሩ ሚዛን ላይ እስኪወጣ የማን ነው?»

«የፈታዩ።»

«እሱን ነው የጠየቅኩሽ» አለች ሙፊዳና መራመዷን ቀጠለች።

በዚያ ሳምንት ከታዛው ስር አንዲትም ሴት ክሯን ለሚዛን አላወጣችም። አንዷ «ጥጡ እርጥብ ነው» አለች፣ አንዷ «አሞኝ ነበር»፣ ሙሉመቤት ደግሞ «ክር እንዳይወድቅብኝ ፈርቼ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች። እሑድ ሙፊዳ ጓሮ ውስጥ፣ ከጎመኑ ተክል መሐል፣ ችካል ተከሉ። ክሩን በችካሎች ላይ ዘርግቶ ድር ማድራት የወንድ ሥራ ነው፤ ወንዶቹ ሲያደሩ ስንት ዓመት ያዩ ዓይኖች ግን የሴቶች ነበሩ። ክሩን ይዘው ከችካል ወደ ችካል ሲመላለሱ ሙሉመቤት ተጠላልፋ ጎመኑ ላይ ወደቀች። «አሻጥር! አሻጥር!» ብለው ጮኹ፤ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመና ሥራቸውን ቀጠሉ። ሲመሽ በወጋየሁ የተናደደ ክር፣ በሙፊዳ ለስላሳ ክር፣ በሁሉም ክር የተሠራ ወፍራም ነጭ ጉንጉን፣ አዲስ ድር፣ እጃቸው ላይ ነበር።

በማግስቱ ላቀው የእህቱን ልጅ አስከትሎ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆመ። ጨርቁ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ወጋየሁ የመጨረሻውን ማግ አሳልፋ መታችና፣ የተጠቀለለውን ነጠላ ቆርጣ ለላቀው ዘረጋችለት። ተቀበላት፤ ዳር ዳሩን አየ፣ እንከን ሲፈልግ ቆይቶ አጣ።

«በይ እንግዲህ» አለ።

የሸማኔ ድር ሲያልቅ ጫፉ ተነቅሎ አይጣልም። ትንሽ ጅራት ዕቃው ላይ ይቀራል፤ አዲሱን ድር በዚያ ጅራት ላይ ክር በክር የሚቋጥር ሸማኔ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ሙፊዳ ከነጠላዋ ስር ጉንጉኑን አወጣችና ለወጋየሁ ሰጠቻት። ወጋየሁ የመጀመሪያውን ክር ጫፍ በጥርሷ ነክሳ መቋጠር ጀመረች።

«ምንድን ነው ይሄ? ማን ፈቀደልሽ?»

ወጋየሁ ሌላ ክር ቋጠረች።

«አንቺን እኮ ነው!»

«አፏ ሥራ ይዟል፣ ላቀው» አለች ሙፊዳ። «የምትለው ካለ ለእኔ ንገረኝ።»

«የማን ክር ነው?»

«የእኛ። አልተመዘነም።»

ወጋየሁ ክሩን ከአፏ አወጣች። እስከዚያች ቀን ሊቀመንበሩን «እርስዎ» ሳትል ተናግራ አታውቅም ነበር።

«አንተ ላቀው፣ መቀሱ ያውልህ። ይህ የመንግሥት ድር አይደለምና አሻጥር አይሆንብህም። ቁረጠው። ብቻ እኔን አይደለም የምትቆርጠው፤ እያንዳንዳቸውን እያየህ ቁረጥ።»

ፈታዮቹ በሩን ሞልተው ቆመዋል። ላቀው መቀሱን አየ፣ እነሱን አየ። ወንዶቹ ከየጉድጓዳቸው አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ፤ አንድም እግር አይረግጥም። ጉንጉኑ ከወጋየሁ ጭን ተንሸራትቶ ወደ ወለሉ ሊፈታ ሲጀምር ሳያስበው ብድግ ያለው የላቀው የእህቱ ልጅ ነበር። የሸማኔ ልጅ ነውና እጁ ቀድሞት ጎንበስ አለ፣ ድሩን አፈፍ አድርጎ ይዞ ወጠረው።

«ልቀቀው!» ጮኸ ላቀው።

ልጁ አጎቱን አየ፤ እጁ ላይ የተወጠረውን ክር አየ።

«ከለቀቅኩት ይተበተባል፣ አጎቴ» አለ።

«ሳብ አድርገህ ያዝ» አለችው ወጋየሁ፣ ወደ እሱ ሳትዞር። ቀጣዩን ክር በጥርሷ ነከሰች።